የአባቶቼ ቆጠራ በአንድ ትውልድ ተለያየ፤ የትኛውን ልጻፍ?

የሞጣው ተወላጅ

ጤና ይስጥልኝ። የቤተሰቤን የትውልድ ሐረግ መጻፍ ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መተዳደሪያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ይህን የማደርገው በዕረፍት ቀኔ፣ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። የጀመርሁትም አባቴ ባረፈ በአርባው፣ ለተዝካር ከተሰበሰበው ዘመድ ግማሹን ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለይቼ መጥራት ባቃተኝ ዕለት ነው። እስካሁን 87 ሰዎችን መዝግቤአለሁ። ቤተሰባችን ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከሞጣ አካባቢ የመጣ ነው።

ሁለት ችግሮች ገጥመውኛል። የመጀመሪያው የቆጠራ ልዩነት ነው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው የአባቴ አክስት፣ «እገሌ እገሌን ይወልዳል» እያሉ፣ ከአባቴ ተነሥተው እስከ ስምንተኛው አባት ድረስ ቆጥረውልኛል፤ ድምፃቸውንም በስልኬ ቀድቻለሁ። በሌላ ወገን ብቸና የሚኖሩት አጎቴ ያንኑ ሐረግ ሲቆጥሩ በሰባት ትውልድ እዚያው ሰው ላይ ይደርሳሉ። ሁለቱም ሲቆጥሩ አይደናቀፉም፤ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ነገሩን ያወሳሰበው ደግሞ አያቴ በ1940ዎቹ በርስት ክርክር ያገኙት የፍርድ ግልባጭ ነው። በግልባጩ ላይ የተቆጠረው ሐረግ ስምንት ትውልድ ቢኖረውም፣ አክስቴም ሆኑ አጎቴ ሰምተነው አናውቅም የሚሉት አንድ የክርስትና ስም በመካከሉ ይገኛል።

ሁለተኛው ይከብደኛል። አክስቴ የድምፅ መቅጃውን እንዳጠፋ ካዘዙኝ በኋላ፣ ከአያቶቻችን አንዷ ከሩቅ አገር ተሸጣ የመጣች ሴት እንደነበረች፣ የቤቱ ጌታ ከእርሷ የወለደው ልጅ ከወንድሞቹ እኩል ርስት እንደተካፈለና እኛም ከዚያ ልጅ እንደምንወርድ ነገሩኝ። ነግረውኝ ሲያበቁም «ይህ በጽሑፍህ እንዳይገባ» አሉኝ። አሁን በአሜሪካና በዱባይ ያሉ የአጎቶቼ ልጆች የጻፍሁትን ሁሉ በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ላይ እንዳወጣው ይወተውቱኛል። የትኛውን ቆጠራ ልያዝ? የአክስቴንስ ቃል ምን ላድርገው?

ባለርስት

ወንድሜ፣ ማን ተሳሳተ ብለው ከመጠየቅዎ በፊት እያንዳንዳቸው ለምን ጉዳይ ሲሉ መቁጠር እንደተማሩ ቢጠይቁ ይሻላል። አባቴ የዳኛ ጸሐፊ ስለነበሩ በልጅነቴ የርስት ክርክር እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ዛሬ እንደ ታሪክ የምንጽፈው የዘር ቆጠራ ያን ጊዜ የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬቱ መጀመሪያ ላቀናው ለዋናው አባት ዘር ሁሉ የሚገባ ሲሆን፣ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ከዋናው አባት እስከ ራሱ ያለውን ሐረግ በሽማግሌዎች ወይም በዳኛ ፊት ቆጥሮ ማሳየት ነበረበት። መብቱ በወንድም በሴትም ይወርድ ስለነበር፣ አንድ ሰው በአባቱ እናት በኩል በአንድ ደብር፣ በእናቱ አባት በኩል ደግሞ በሌላ ደብር ርስት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ቆጣሪ የሚባለው አንድ ሐረግ ብቻ የሚያውቅ ሳይሆን፣ በየትኛው መሬት ላይ የትኛውን ሐረግ ማንሣት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ይህ ዕውቀት ዋጋውን በአንድ ቀን አጣ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ሐረጉን ባይቆጥር የሚቀርበት መሬት አልነበረም። አክስትዎ ያን ጊዜ የአርባ ዓመት ሰው ነበሩ፤ እንግዲህ ቆጠራን በግድ ከተማሩት ከመጨረሻዎቹ መካከል ናቸው ማለት ነው። ሌላውን ሥራዎን ሁሉ አቁመው እርሳቸውን ቢቀዱ አይጸጽትዎትም።

ሁለተኛው የቆጠራ ምክንያት ጋብቻ ነው። ሙሽራና ሙሽሪት እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላቸው ሳይጣራ እሺ አይባልም ነበርና፣ በዚህኛው ቆጠራ ላይ እናቶችና አክስቶች ይበረቱ ነበር። የጋብቻ ቆጠራ ሴትን መዝለል አይችልም፤ አንዲት ሴት ብትዘለል የሥጋ ዘመዳሞች ሊጋቡ ነው። የመሬት ቆጠራ ግን አንዳንድ ጊዜ ሰው ይውጣል። በተለይ ልጅ በእናቱ አባት ቤት ያደገ እንደሆነ አያቱን «አባቴ» እያለ፣ በአያቱም ስም እየተጠራ ይኖርና፣ የልጅ ልጆቹ ሲቆጥሩ አያትየው በቀጥታ የወለደው ያስመስሉታል። በመካከል የጠፋችው እናቲቱ ናት። አገሩ ሁሉ የሚያውቃት እስከሆነ ድረስ በችሎት ማንም አይቃወምም፤ ሁለት ትውልድ ካለፈ በኋላ ግን የሚያውቃት አይኖርም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አጎትዎን የምጠይቃቸው «ይህን ቆጠራ የተማሩት ከማን ነው? የትኛው መሬት ሲጠየቅ ነው?» ብዬ ነው። መልሱ እስኪመጣ ሁለቱንም ቆጠራ ከነተናጋሪው ስም፣ ከነተቀዳበት ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ። ሁለቱን አስማምተው አንድ ንጹሕ ሐረግ ካወጡ፣ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው ስሕተቱን የሚያገኝበት መንገድ ይዘጋበታል።

የዲያቆኑ ልጅ

በፍርድ ግልባጩ ላይ ስላለው ስም አንድ ነገር ልጨምር። ለመሆኑ ስሙ የወንድ እንደሆነ እርግጠኛ ነዎት? «ወልደ» ወይም «ገብረ» ብሎ የሚጀምር እንደሆነ ወንድ፣ «ወለተ» ወይም «አመተ» የሚል እንደሆነ ሴት መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም ለወንድም ለሴትም የሚሰጡ የክርስትና ስሞች አሉ፤ ከጸሐፊው እጅ «ይወልዳል» እና «ትወልዳለች» ተዛንፈው ከሆነ ደግሞ መለየቱ ያስቸግራል። የቤተሰቡ ሰዎች ስሙን ሰምተነው አናውቅም ማለታቸው ራሱ አያስደንቅም። በቤትና በገበያ የሚጠሩት በዓለም ስማቸው ነበርና የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁት የቅርብ ዘመዶቻቸውና የንስሐ አባታቸው ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ለጌቶች ደግሞ የፈረስ ስምና ማዕረግ ይጨመራል፤ በአንዱ ወረቀት ባላምባራስ፣ በሌላው ቀኛዝማች፣ በሦስተኛው በፈረስ ስማቸው የተጠቀሱት ሰው አንድ ሰው ሆነው ይገኛሉ። ይህን ያልተረዳ ሰው አንዱን አያት ሦስት ቦታ ከፋፍሎ ይመዘግባል፤ እኔ ራሴ ይህን ስሕተት ሠርቼ ያረምሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ለክርስትና ስም የሚረዳው ትልቁ ምንጭ፣ ብዙዎቻችን የማናስበው፣ ለፍትሐትና ለተዝካር ቤተሰቡ ለካህኑ የሚሰጠው የሙታን ስም ዝርዝር ነው። በእናቴ ቤት ይህ ዝርዝር በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ 40 ያህል ስሞችን ይዞ ተገኝቷል። የአክስትዎ ንስሐ አባት እንዲህ ያለ ማስታወሻ እንዳላቸው በትሕትና ይጠይቁ። በከተማ ለኖሩት ዘመዶችዎ ደግሞ የእድርና የሰንበቴ መዝገብ አለ። እድር ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደተቀበረና ቀብሩን ማን እንዳስፈጸመ የሚጽፈው ለገንዘቡ ሲል ቢሆንም፣ ለእኛ ግን የሞት መዝገብ ሆኖ ያገለግላል። አገሪቱን በሙሉ የሚመለከተው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና፣ ከዚያ በፊት ለነበረው ዘመን እንዲህ ያሉትን መዛግብት መናቅ አይቻልም።

ከምሥራቅ ጎጃም መሆንዎ ዕድለኛ ያደርግዎታል። እንደ ሞጣ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ያሉ ታላላቅ ደብሮች የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭንና ውርስን በብራና መጻሕፍታቸው ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ያስመዘግቡ ነበር። ዶናልድ ክራሚን የመሰሉ የታሪክ ምሁራን የጎንደርን ዘመን የመሬት ታሪክ የጻፉት እንዲህ ያሉትን ማስታወሻዎች እያነበቡ ነው። ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አማካይነት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም የተነሡ ሲሆን ብዙዎቹን ዛሬ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ስድስት ኪሎ ያለውም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቅርብ ናቸው። ብቻ ከመሄድዎ በፊት የሰው ስም ሳይሆን የቦታና የደብር ስም ይዘው ይሂዱ፤ መዛግብቱ የሚገኙት በቦታ ነው።

ዘመንን በተመለከተ፣ አዛውንቶችን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም። «በኅዳር በሽታ ጊዜ ተወልዶ ነበር? ማይጨው ሲዘመት ሚስት አግብቶ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የኅዳር በሽታ 1911፣ የሰገሌ ጦርነት 1909፣ የማይጨው ዘመቻ 1928 መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ሰውዬውን በሁለት ድርጊቶች መካከል ማስቀመጥ ይቻላል። በወረቀቱ ላይ ዓመቱ ተፍቆ «በዘመነ ሉቃስ» የሚለው ብቻ ቢቀር እንኳ ተስፋ አይቁረጡ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1911 ዘመነ ሉቃስ፣ አድዋ የተዘመተበት 1888 ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ወንጌላዊው ከአራት ዓመት አንዱን ይለይልዎታል፤ የንጉሡ ስምና የባለጉዳዩ ማዕረግ የቀረውን ያጠብባሉ።

ስሞቹን ራሳቸውንም ያንብቡ። በሐረግዎ ውስጥ ካሣ፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ የሚባል ሰው ካለ፣ ከእርሱ በፊት የሞተ ልጅ ወይም ሌላ ኀዘን መኖሩን ስሙ ሊነግርዎ ይችላል። ስሙ የማይታወቀው ሕፃንም የቤተሰቡ አባል ነበርና «ስሙ ያልታወቀ ልጅ» ተብሎ ሊጻፍ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከነታንያ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተ እስራኤል ነኝ፤ ወላጆቼ ከጎንደር በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሕዝብ በተጓጓዘበት ጊዜ፣ እኔን አዝለው ወደ እስራኤል መጡ። እኛም እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥረን ነው የምንጋባው፤ ዛሬም እዚህ ሠርግ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ይቀመጡና ይቆጥራሉ። ስለዚህ ከላይ ስለ ጋብቻ ቆጠራ የተጻፈውን ሳነብ አያቴን የሰማሁ መሰለኝ።

በውጭ አገር ላሉት ዘመዶችዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ልናገር። ስንገባ የመዘገበን ሰው የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አባቴ የአባታቸውን ስም ሰጡ፤ ቀድሞ የመጣው ታላቅ ወንድማቸው ግን የአያታቸውን ስም ሰጥቶ ነበር። ከአንድ አባት የተወለዱት ሁለት ወንድማማቾች በመንግሥት ወረቀት ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ሆኑ፤ እኔና የአጎቴ ልጆችም እንዲሁ። ብዙዎቹ የዘር ሐረግ ፕሮግራሞችም በዚሁ የቤተሰብ ስም ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የማይለወጥ ቁጥር ስጡት፤ ስሙን መጀመሪያ በፊደላችን፣ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ወረቀት ላይ እንደተጻፈው አስቀምጡ። በላቲን ፊደል «ጠ» እና «ተ» አንድ ሆነው ይቀራሉ፤ በፊደላችን ያልጻፍነውን ስም የልጅ ልጆቻችን በትክክል ሊጠሩት አይችሉም። በውጭ አገር ዘመን የተጻፈውንም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከመቀነሳችሁ በፊት ወሩን ተመልከቱ።

የደሴዋ

እኔ የምመልሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ እኔንም ያስለቀሰኝ እርሱ ስለሆነ።

በወሎ የአንድ ቤተሰብ ሐረግ ሲቆጠር አንዱ ሼህ፣ ልጁ ደግሞ ቄስ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። በእኛ ቤት እስልምናውንም ክርስትናውንም በኩራት እንቆጥራለን። ነገር ግን ያው ሁሉን የምታስታውሰው አያቴ አንዲትን ሴት ስትደርስባት ዝም ትል ነበር። ያቺ ሴት እንደ እርስዎ አያት ተሸጣ የመጣች ነበረች። አያቴ እስክታርፍ ስሟን አልነገረችንም፤ ከእርሷ በኋላ የሚያውቅ አልተገኘም። በጻፍሁት ሐረግ ላይ ባሏ፣ የባሏ አባት፣ የባሏ ፈረስ ሳይቀር ስም አላቸው፤ እርሷ ግን የላትም።

ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አክስትዎ ያን ጊዜ ሕፃን ነበሩ ማለት ነው፤ የሴትዮዋን ልጆች በዓይናቸው አይተው፣ ሰው ሲጣላ ምን ብሎ እንደሚሳደብ ሰምተው ሊሆን ይችላል። እንዲደበቅ የጠየቁት ቤተሰቡን ከዚያ ስድብ ለመጠበቅ ነውና ቃላቸውን አያቃልሉት። ሆኖም እርሳቸው ባይፈልጉ ኖሮ ጨርሶ ባልነገሩዎት ነበር። እኔ የምለምንዎት ዛሬ ነገ ሳይሉ ተመልሰው እንዲሄዱና ስለመጻፉ ሳያነሡ ስለ ሴትዮዋ ብቻ እንዲጠይቁ ነው። ማን ትባል ነበር? እዚህ ከመምጣቷ በፊትስ ማን ትባል ነበር? ከየት አገር ነኝ ትል ነበር? ምን ትዘፍን፣ ምን ትሠራ ነበር? መልሱን በወረቀት ጽፈው በፖስታ ያሽጉና ከሚያምኑት አንድ ዘመድ ጋር ያስቀምጡት። መቼ እንደሚከፈት አክስትዎ ራሳቸው ይወስኑ። ሳይታተም መቆየት ይችላል፤ ሳይጠየቅ ከቆየ ግን እንደ እኛ ቤት ይቀራል።

ባለርስት

የእህታችን ቃል ልቤን ነክቶታል፤ በአንድ ነገር ብቻ ጠንከር እላለሁ። አክስትዎ በሕይወት ሳሉ ይህ ነገር በቴሌግራም ቡድን ላይ በምንም መንገድ መውጣት የለበትም። በቡድኑ ላይ የወጣ ነገር በአንድ ቀን የማያውቁት ሰው እጅ ይገባል፤ በዚህ ዘመን ደግሞ የሰውን ዘር እየቆጠረ ጠብ የሚያነሣ አለ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን የልደት ቀንና የእናት ስም እንኳ አላወጣም፤ በውጭ አገር ባንኮች በእናት ስም ማንነትን እንደሚያጣሩ ልጆቼ ነግረውኛል። ለቡድኑ ያረፉትን ብቻ የያዘውን ቅጂ ይስጡ፤ ሙሉው እርስዎ ጋር ይቆይ።

የሞጣው ተወላጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት የዘገየሁት ምክራችሁን ሳልሞክር መመለስ ስላልፈለግሁ ነው።

ለአጎቴ ደውዬ ቆጠራውን ከማን እንደተማሩት ስጠይቃቸው፣ በ1950ዎቹ በአንድ የርስት ክርክር ላይ ለመመስከር ሲዘጋጁ ከአባታቸው እንደተማሩት ነገሩኝ። አራተኛው አባታችን ያደጉት የት እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ ትንሽ ዝም ብለው «በእናታቸው አገር ነው እንጂ፤ አባታቸው ዘመቻ ሄደው ቀርተዋል» አሉኝ። «ታዲያ እናታቸው የማን ልጅ ነበሩ?» ብዬ ስከተል ነገሩን እርሳቸው ራሳቸው ደረሱበት። «እኔ አባታቸው እያልሁ የምቆጥረው ለካ የእናታቸውን አባት ነው!» አሉ። ቀጥሎም የፍርድ ግልባጩን ፎቶግራፍ አስፍቼ ከአንድ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ አንባቢ ጋር ተመለከትነው፤ እኔ «ይወልዳል» ብዬ ያነበብሁት «ትወልዳለች» ኖሯል። ማንም ያላወቀው የክርስትና ስም የእርሷ ነው። በአክስቴ ቆጠራ ላይ ያለችው በዓለም ስሟ ሲሆን፣ ስሙ ለወንድም የሚሆን ስለሆነ እኔ በመዝገቤ ላይ ወንድ አድርጌ ጽፌአት ነበር። አርሜአለሁ፤ የአጎቴንም ቆጠራ እንደነገሩኝ ከጎኑ ትቼዋለሁ።

አክስቴ ዘንድ ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ስለ ሴትዮዋ ስጠይቃቸው ለረጅም ጊዜ አልመለሱልኝም። ከዚያ በቤቱ የተሰጣትን ስም ነገሩኝ፤ የቀድሞ ስሟን ግን እናታቸው አንድ ጊዜ ጠርተውት እንደነበርና ለጊዜው እንዳልመጣላቸው ተናገሩ። «ሲመጣልኝ አስደውልሃለሁ» ብለውኛል። የነገሩኝን ጽፌ አሽጌ ለታናሽ እህቴ ሰጥቻለሁ።

ለጥር ጊዮርጊስ ወደ ሞጣ እወርዳለሁ። በዚያ አካባቢ የዋና አባቶችን ቆጠራ የሚያውቁ አዛውንት የምታውቁ ካላችሁ፣ ስማቸውን እዚህ ሳትጽፉ በግል መልእክት ብታገናኙኝ ውለታችሁ አይጠፋኝም።